ኩንታል ማሽላ የቻለ ብስክሌት

የማስተምረው ክፍል የእኔው ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ የመሠረተ ትምህርቱ አስተባባሪ በትምህርት ቤታችን በር ሲያልፍ ጠራኝና፣ ከሞተሩ ሳይወርድ፣ «እስከ ፈተናው እዚያው ቀጥዪ፤ ሰው አልቀይርም» አለኝ። ሌላም ነገር ጨምሮ ነበር፤ እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ አቧራውን ጥሎብኝ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ደወል ተደውሎ፣ ተማሪው ሁሉ ገብቶ፣ ግቢው ውስጥ እኔና የዘበኛው ፍየል ብቻ ስንቀር ነው መቆሜን ያወቅኩት።

አሁን ቤት ነኝ። እግሬን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ነክሬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እጽፋለሁ። ደስ ብሎኛል፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ደስ ያለው ሰው ይዘላል ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ከዚህ ሳፋ እግሬን የማወጣበት አቅም እንኳ የለኝም። ወገቤን፣ መዳፌን፣ መቀመጫዬን፣ ሁሉንም ያመኛል። ባለፈው ወር የአማርኛ መምህራችን የጻፍኩትን ለክፍሉ ካነበቡት ወዲህ ብዕር ስይዝ እጄ አይፈራም። ስለዚህ ድካሙ ሳይወጣልኝ፣ እንደ ደከመኝ ልጻፈው።

ወፍራም ነኝ። ዘመዶቼ «ሞላ ያለች»፣ «አጥንቷ ትልቅ ነው» እያሉ ያሽሞነሙኑታል፤ እኔ ግን ወፍራም ነኝ ብዬ ብጀምር ይቀለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። እናቴ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ትውላለች። የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። እሷ የጎረሰችውን እጎርሳለሁ፤ ወደ እኔ ሲመጣ ሌላ ሥራ ይሠራል መሰለኝ። ይህን ለማስረዳት ሞክሬ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ድርቅ አይቶ በወጣ አገር ወፍራም ልጅ ስታልፍ ሰው ዝም ብሎ አያሳልፋትም፤ ከየት አምጥታ እንደበላች ያስባል። አንዳንዱ ያስባል ብቻ፤ አንዳንዱ ይጠይቃል። የሰፈር ጎረምሶች ደግሞ መጠየቁን ትተው ስም አውጥተውልኛል፤ «ኩንታል» ይሉኛል። ከመንገድና ከሙቀት ይልቅ የሚያደክመኝ ለሰው ሁሉ መልስ መስጠት ነው። በቀን ስንት ጊዜ ሰውነቴን እንደ አጥፊ ልጅ ይዤ ይቅርታ እንደምጠይቅ እኔ ነኝ የማውቀው።

የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ከከተማ ወጥቶ ገጠር ሲገባ፣ ከእኛ ክፍል ተማሪዎች ለማስተማር ተመደብን። ለእኔ የደረሰኝ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መኪና መንገድ ሄዶ ሄዶ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ ተገንጥሎ፣ ደረቁን ወንዝ ተሻግሮ ያለ መንደር ነው። ጠዋት ተምሬ፣ ምሳዬን ቀምሼ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን እነሳለሁ። የእኛ አገር ሜዳ ነው፤ ዳገት የለውም፤ ይህን ሲሰሙ የደጋ ሰዎች ቀላል ይመስላቸዋል። ግን ጥላም የለውም። የምትሄጂበት ዛፍ ከሩቅ ይታይሻል፤ ትሄጃለሽ፤ ዛፉም እንዳየሽው ሆኖ ይቆያል።

ወፍራም ያልሆነ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ስንራመድ ጭናችን ይፋተጋል። በቆላ ሙቀት ላብ ሲጨመርበት ይላጣል፤ ሲላጥ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ሲያቃጥል እግር ከፈት አድርጎ መሄድ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያየ ሁሉ ይስቃል። ቫዝሊን ተቀብቼ አይቻለሁ፤ ደረቁ ወንዝ ሳልደርስ ያልቃል። አሸዋው ላይ ስደርስ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ያምረኝ ነበር፤ ግን ማልቀስም ጊዜ ይፈልጋል፣ እኔም እንደሁ ሁልጊዜ ረፍዶብኛል።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሴቶቹ ትልቁ ግራር ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ላቤ በቀሚሴ ላይ ካርታ ሠርቷል። በመሐላቸው በዕድሜ ትልቋ፣ ጥርሳቸው ያለቀ እናት፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ማሻአላህ። የት አገር ዘንቦ ነው?» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ዞሬ ልመለስ ምንም አልቀረኝ፤ የመመለሻው መንገድ ትዝ ሲለኝ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። እሳቸው ከተቀመጡበት ፈቀቅ ብለው መሬቱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ።

«ነይ ጥላው ውስጥ ግቢ። ላብሽ ይድረቅ። ፊደሉ የትም አይሄድ።»

ተቀመጥኩ። ውኃ በቅል ሰጡኝ። ያን ዕለት ከአንድ ፊደል በላይ አላስተማርኩም፤ ግን ሁለተኛ ስለ ሰውነቴ የጠየቀኝ የለም። ተጠየቀ፣ ተሳቀ፣ አለቀ። ከተማ ውስጥ ግን አያልቅም። ስለዚህ ይሆናል መንገዱ እየላጠኝ ያን ክፍል የወደድኩት። እኚያ እናት ጣታቸውን በአፈሩ ላይ እየጎተቱ «መ» ሲጽፉ፣ ከንፈራቸውም አብሮ ሲጽፍ፣ እኔ ወፍራም መሆኔን እረሳዋለሁ። ሌላ የት እንደምረሳው አላውቅም።

ስለ ሰሌዳው ልናገር፤ በኋላ ይፈለጋል። ሰሌዳችን ከሣጥን ጣውላ ተገጣጥሞ ጥቁር የተቀባ ነው፤ ግራሩ ላይ አስደግፈን እንጠቀምበታለን። በዚህ ወራት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ነፋስ ይነሣል፤ አቧራውን እንደ ምሰሶ አቁሞ እየዞረ ይመጣል። በሁለተኛው ሳምንት ሰሌዳውን አንሥቶ በሴቶቹ ላይ ጣለው፤ አንዷ ግንባሯ ተላጠ። ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን ለሰሌዳው ሰጥቼ፣ በግራሩና በእኔ መሐል አጣብቄ እይዘዋለሁ፤ በቀኝ እጄ በጎኔ እየዞርኩ እጽፋለሁ። ነፋሱ ይመጣል፤ ገፍቶ ገፍቶ ይሄዳል። የጠመኔው ጽሑፍ ቀሚሴ ላይ ተገልብጦ ይታተማል። እናቴ ማታ ቀሚሴን ስታራግፍ ምን እንዳስተማርኩ ታውቃለች።

ችግሩ መድረሱ ነበር። ሴቶቹ ከሥራ ሾልከው የሚመጡባት ጊዜ ጠባብ ናት፤ ፀሐይ ዘንበል ስትል ውኃ ሊቀዱ ይነሣሉ። አንድ ሁለት ቀን ስደርስ ግራሩ ሥር ማንም አልነበረም። በሦስተኛው ግን አንድ ሰው ነበረ፤ አስተባባሪው፣ ሞተሩ ላይ ተደግፎ።

«ጓዲት፣ ተማሪዎችሽ የት አሉ?»

«ውኃ ሄደው ነው።»

«እነሱ ናቸው የሄዱት ወይስ አንቺ ነሽ ያልመጣሽው?» ቀና ብሎ አየኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው፤ እሱም በዚህ ሙቀት ከመንደር መንደር ሲዞር ይውላል። «እውነቱን ልንገርሽ። የአካል ሁኔታሽ ለዚህ ጣቢያ አይመችም። እዚያ ከተማ ቢሮ ውስጥ ካርድ ብትጽፊ ይሻልሻል። ለዚህ ቀለል ያለች ልጅ አለችኝ።»

ቀለል ያለችውን ልጅ አውቃታለሁ፤ የክፍሌ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ቤታችን ትሮጣለች። ልጠላት ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ፤ ጥሩ ልጅ ናት።

«በሰዓቱ ከደረስኩስ?» አልኩት።

«በምን ትደርሻለሽ?»

«በሚመጣው ሳምንት እሷን ይዣት እመጣለሁ» አለና ሄደ።

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ ዋርካው ሥር፣ ብስክሌት የሚያከራይ ሰው አለ። ጎረምሶቹ በሰዓት እየተከራዩ አደባባዩን ይዞራሉ። በማግሥቱ ሄጄ ቆምኩ። ሰውየው አንዱን ብስክሌት ገልብጦ ሰንሰለት ያስገባ ነበር።

«ጋሼ፣ ከሰዓት ከሰዓት የምነዳው ብስክሌት ያከራዩኛል?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ብስክሌቱን አየው፤ እንደገና እኔን።

«መንዳት ታውቂያለሽ?»

«እለምዳለሁ።»

«ለሴት አላከራይም እንዳልልሽ፤ ሴትም ተከራይታኛለች። ነገሩ ቸርኬው ነው። ቸርኬው ይጣመምብኛል።»

ዋርካው ሥር የተቀመጡት ጎረምሶች ይህችን ነበር የሚጠብቁት። አንዱ፣ «ጋሼ፣ ለሷ የጭነት መኪና ነው የሚከራይ» አለ። ቤቴ ሄድኩ።

በገበያው ዕለት ግን፣ እናቴ ክር ልካኝ ስመለስ፣ አንድ ገበሬ ብስክሌት እየገፋ ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄድ አየሁ። ብስክሌቱ ላይ ጥጥር ያለ ጆንያ ተጋድሟል፤ ማሽላ ነው፤ አንድ ኩንታል። ብስክሌቱን አወቅኩት፤ ጥቁሩ፣ መቀመጫው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለው፣ የዋርካው ሥር። በእኛ ከተማ ይህን ያላየ የለም፤ በገበያ ቀን ብስክሌቶቹ ሰው መጫን ትተው እህል ይጭናሉ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን እንደ አዲስ ቆሜ አየሁት። ቸርኬው ቀጥ ብሎ ይዞራል።

ክሩን ሳላደርስ ወደ ዋርካው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ማሽላውን ችሎ እኔን እንዴት ነው የማይችለው?»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ሲያስብ ይታያል።

«ማሽላ ዝም ብሎ ይጫናል። ሰው ይወዛወዛል።»

«እሷም ትታሰርና ትጫና» አለ ያው ጎረምሳ።

«ዝም በል አንተ» አለው ሰውየው። ወደ እኔ ዞረ። «ደሞስ ከኩንታል ማለፍ አለማለፍሽን በምን አውቃለሁ? ያውልሽ ሚዛን» ብሎ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የእህል ነጋዴ መደብር በአገጩ አሳየኝ። «ከኩንታል ከጎደልሽ ውሰጂው። ቃሌ ነው።»

በገበያ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጆንያ የሚወጣበት ብረት ላይ። ቤቴ ገብቼ ክሩን ለእናቴ ሰጠኋትና ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ነገሩን ስነግራት የስፌት መኪናዋን አላቆመችም።

«ታዲያ ምን ይገርማል? ተመዘኚ።»

«እማዬ፣ ሰው ሁሉ እያየ?»

«ማሽላው ሲመዘንስ ሰው ያየው የለ?»

«ማሽላ ዓይን የለውም።»

«አንቺ ደግሞ ጨፍኚ።» ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። «ሆዴ፣ ሰዉ ምን ያህል እንደሆንሽ ሳይመዝን አልቀረም። ዕድሜሽን ሙሉ በዓይኑ ሲመዝንሽ ነው የኖረው። አንድ ቀን በሚዛን ይሁን።»

ገበያው ሳይበተን ተመለስኩ። እናቴም ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላዬ መጣች። የነጋዴው መዛኝ፣ አቧራ ያነጣው ሰው፣ የኩንታሉን መመዘኛ ብረት እንደሰቀለ ነበር፤ ከእኔ በፊት የአንዱን ገበሬ ማሽላ አውርዷል። ብስክሌት አከራዩ ነገሩን በሁለት ቃል ነገረው። መዛኙ አልሳቀም፤ ሥራው ነው። «ውጪ» አለኝ።

ጫማዬን አወለቅኩ፤ ለምን እንዳወለቅኩ አላውቅም፤ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን የምገባ መሰለኝ። ወጣሁ። እናቴ እንዳለችኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። የብረቱ ድምፅ ተሰማኝ፤ ቀጭ አለ፣ ቆመ። ከዚያ መዛኙ፣ ለየገበሬው ጆንያ እንደሚጮኸው ሁሉ፣ ሰፊው ገበያ እንዲሰማ ጮኸ፦

«ጎደለ!»

ዓይኔን ገለጥኩ። አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ፣ «ማን ሰፍሮባት ነው?» አለች። ሌላዋ፣ «እኔ ጋ ብትመጣ ጭብጥ ጨምሬ እሞላላት ነበር» አለች። ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። አከራዩ ወደ ሚዛኑ ጠጋ ብሎ አጎንብሶ አየ።

«ምን ያህል ጎደለ?»

«ልጅ ብታዝልበትም ገና ነው» አለ መዛኙ።

ቁጥሩን አልጽፈውም። ወድጄ አይደለም፤ አልጠየቅኩትም፣ ማንም አልነገረኝም። ዕድሜዬን ሙሉ በዛች፣ ተረፈች ስባል ኖሬ ያን ቀን ጎደለች ተባልኩ። ከሚዛኑ ወርጄ ጫማዬን አደረግኩ። ጎረምሳው ከዚያ ወዲህም «ኩንታል» ማለቱን አልተወም፤ ግን እኔ አሁን ውሸቱን እንደሆነ አውቃለሁ።

አከራዩ ቃሉን ጠበቀ። ለኪራዩ እናቴ የልጆቹን ልብስ ልትሰፋለት ተስማሙ። ጥቁሩን ብስክሌት አውጥቶ ጎማውን ነፋው፤ ነፋው፤ በአውራ ጣቱ ተጭኖ እንደገና ነፋው። «ላላ ያለ ጎማ ነው ከባድ ሰው የሚያስወቅስ» አለኝ። «ድንጋይ ሆኖ ይነፋ። ጉድጓድ ስታዪ ተነሥተሽ ቁሚበት። አሸዋ ስትደርሺ ውረጂና ግፊ።»

እናቴ በዚያው ማታ ከተረፋት አቡጀዲ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ ቁምጣ ሰፍታ ሰጠችኝ፤ ከቀሚስ ሥር የሚለበስ። ይህን ነገር ለምን ከዚህ በፊት እንዳላሰብነው አናውቅም፤ ሁለታችንም ተያየን። ያ ሁሉ ቫዝሊን፣ ያ ሁሉ መላጥ፣ በአንድ ክንድ አቡጀዲ ቆመ።

ለመልመድ የሄድነው ከከተማው ዳር ወዳለው የከብት ገበያ ሜዳ ነው፤ ጠዋት፣ ትምህርት ሳይገባ። ያቺ ሸንበቆ እናቴ መቀመጫውን ከኋላ ይዛ ትሮጣለች፤ እኔ ፔዳሉን እረግጣለሁ።

«ጎማውን ምን ታያለሽ? ፊት ፊትሽን እይ እንጂ።»

«ልቀቂኝ በቃ።»

«ልልቀቅሽ?»

«አትልቀቂኝ።»

ወደቅኩ። ተነሣሁ። ወደቅኩ። ደግነቱ ሜዳው ፍግ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ ክፋቱም ፍግ መሆኑ ነው። ወፍራም ሰው ሲወድቅ ይሰማል፤ ርግቦች ይበራሉ። ከሱብሂ ሶላት የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ቆመው ብዙ ካዩን በኋላ፣ «አላህ ያግዛችሁ። ግን ማን ማንን ነው የሚነዳው?» አሉ። እናቴ ሳቋ መጥቶ መቀመጫውን ለቀቀችው። እኔ አላወቅኩም። ስዞር ሩቅ ቆማ ወገቧን ይዛ ትስቃለች፤ ሽማግሌውም አጠገቧ ቆመው ይስቃሉ፤ ብስክሌቱ ከእኔ ጋር ይሄዳል። ከዚያ የፍሬኑ ነገር ትዝ ሲለኝ የከብት መጠጫው ገንዳ ውስጥ ገብቼ ነበር።

አስተባባሪው በሚመጣበት ቀን ምሳ አልበላሁም። መኪና መንገዱን ይዤ ወጣሁ። ፀሐይዋ ያቺው ናት፤ ዛፎቹም እነዚያው ናቸው፤ ግን አሁን ቀስ በቀስ ይመጣሉ። ቀላል ነበር አልልም። ነፋሱ ከፊት ለፊቴ ነበር፤ ለወፍራም ሰው ነፋስ በር እንደ መግፋት ነው። ሳንባዬ ተቃጠለ፤ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፈኝ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ፣ «ለጎማውም እዘኚለት» አለኝ። መልስ ልሰጠው ፈልጌ ትንፋሽ አጣሁ፤ በኋላ ሳስበው ትንፋሼን ለእሱ አለማጥፋቴ ደስ አለኝ። ደረቁ ወንዝ ስደርስ ወርጄ ገፋሁ። ከፊቴ ሁለት ቀጫጭን ሰዎችም ብስክሌታቸውን ይገፉ ነበር። አሸዋ ማንንም አይመርጥም።

ግራሩ ሥር ስደርስ ሴቶቹ ገና እየተሰበሰቡ ነው። ከብስክሌቱ መውረድ አልቻልኩም፤ እግሬ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። እኚያ እናት መጥተው መኑብሪዮውን፣ የብስክሌቱን መሪ፣ ያዙልኝ፤ አንዷ ክንዴን ደገፈችኝ፤ አወረዱኝ። ሳልቀመጥ የሞተር ድምፅ መጣ። አስተባባሪው ነው፤ ከኋላው የክፍሌ ልጅ፣ ቀጭኗ፣ ጠመኔዋን ይዛ።

«ደርሰሻል» አለኝ፤ ቅር ያለው ይመስላል። ብስክሌቱን አየ። «ዛሬስ እሺ፤ ነገስ? ለማንኛውም ልጅቷን ይዣት መጥቻለሁ፤ ዛሬ እሷ ታስተምር፤ አይተን እንወስናለን።»

ተቀመጥኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? የክፍሌ ልጅ በእርጋታ ጀመረች፤ ጽሑፏ ከእኔ ያምራል። እኚያ እናት ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ ወደ ሜዳው። እኔም አየሁ። አቧራው ከሩቅ ቆሞ እየዞረ ይመጣ ነበር።

ሲደርስ ሰሌዳውን ከነልጅቷ አነሣው። አልለቀቀችውም፤ ጎበዝ ናት፤ ሁለቱም አብረው ከግራሩ ወዲያ ያለው የእሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። ሴቶቹ ሮጠው አወጧት። እሷው ራሷ እየሳቀች፣ ከፀጉሯ እሾህ እየለቀመች፣ «ይሄ ሰሌዳ እኔን ሊያስተምር ነው የመጣው» አለች።

«ጓዴ» አሉ እኚያ እናት አስተባባሪውን። «እቺ ልጅ ጥሩ ልጅ ናት። ግን ወላሂ ነፋሱ አንድ ቀን ከነሰሌዳው ዋጃ ያደርሳታል። ለሌላ መንደር ስጧት። የእኛዋን ተዉልን።»

«እማማ፣ ለዚህ ሰው አይቀየርም፤ እንጨት ይተከልለታል፤ ሰሌዳው ይቸነከርበታል» አለ አስተባባሪው።

«እንጨቱ ፊደል ያውቃል?»

ተነሣሁ። ሄጄ ሰሌዳውን አነሣሁና ጀርባዬን ሰጠሁት። ነፋሱ ተመልሶ መጣ። እኔ ያን ጊዜ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት፤ ሳልቆጥብ፣ ሳላፍር። አንድም ነገር አልተነቃነቀም። በጎኔ ዞሬ አንድ ቃል ጻፍኩ። እኚያ እናት ዓይናቸውን አጥብበው፣ ከንፈራቸውን አስቀድመው፣ «ማ… ሽ… ላ» አሉ። ከዚያ ደግመው በአንድ ትንፋሽ፣ የሚያውቁት ሰው ስም እንደሚጠራ፣ «ማሽላ።»

አስተባባሪው ሳይወስን የክፍሌን ልጅ ይዞ ሄደ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ በየዕለቱ መንገዱን ተመላልሻለሁ፤ ነገ ያነሡኛል፣ ከነገ ወዲያ ያነሡኛል እያልኩ። መጠበቅ ከፔዳል ይብሳል። እስከ ዛሬ ረፋድ ድረስ።

አሁን ያስቀረሁትን ልንገራችሁ። አስተባባሪው «ሰው አልቀይርም» ካለኝ በኋላ፣ ሞተሩን እያስነሣ፣ «በርቺ፣ ብስክሌቱ ያቀጥንሻል» አለኝ። ደግ ነገር መናገሩ ነበር፤ ተቀይሜው አይደለም። ግን አልቀጠንኩም። የእናቴ ሜትር እንደነበርኩ ይለካኛል። ጉልበቴ ጠንክሯል፤ እንቅልፌ ከብዷል፤ ቀሚሴ ያው ነው። ብስክሌቱ ላይ የወጣሁት ለመድረስ ነበር፤ ደርሻለሁ። ቀጥኜ ቢሆንማ ሰሌዳውን ማን ይይዘው ነበር?

እኚያ እናት ትናንት ስነሣ፣ «ዝናቡ ከበጀና ማሽላው ካሸተ ለእሸት ነይ፤ የሚመጠጠው ጥንቅሽም አለ» አሉኝ። «ብቻሽን እንዳትመጪ። እንዳንቺ ያሉትን ይዘሽ ነይ። ነፋሱ እንደሁ ለሁላችሁም ይደርሳል፤ ጥላውም ይበቃል።»

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ሰው በዓይኑ የሚመዝናችሁ፣ የደከማችሁ፣ ኑ። ጥቁሩ ብስክሌት ዋርካው ሥር አለ፤ አከራዩ ከእንግዲህ ስለ ቸርኬው አይናገርም። ጎማው ድንጋይ እስኪሆን ይነፋ። ቁምጣውን እናቴ ትሰፋለች፤ አቡጀዲውን ብቻ ይዛችሁ ኑ። የማታውቁ ከሆነ ጠዋት የከብት ገበያው ሜዳ ላይ ነኝ፤ መቀመጫውን ከኋላ እይዝላችኋለሁ፤ እስክትሉኝም አልለቅም። አሸዋው ላይ ስትደርሱ ወርዳችሁ ግፉ። ከዚያ ግራሩ ይታያችኋል።